ዳ ላይ ስትደርስ

ባለፈው ሳምንት የሳሎኑን ግድግዳ ለመቀባት ቁም ሣጥኑን ስንጎትት ከኋላው አንድ ብሩህ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቅ አለ። የቀረው ግድግዳ በፀሐይና በጭስ ደብዝዞ አመድ መስሏል፤ ያቺ ቦታ ብቻ ቤቱ አዲስ በነበረበት ጊዜ እንደነበረችው ቀርታለች። በየጠርዟ የፕላስተር ሙጫ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። በጥፍሬ ፈቅፈቅ ሳደርገው ሽታው ወጣ፣ የጠመኔና የጎማ የመሰለ ሽታ። የፊደል ገበታው የተለጠፈበት ቦታ ነበር።

ልጄ አሁን ቁመቷ ከእናቷ ተስተካክሏል። የቀለም ሮለሯን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ እዚህ ጋ ልጀምር?» አለችኝ። «እሷን ለነገ ተያት» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የዛሬ ልጆች ብዙ ነገር አይጠይቁም፤ ስልካቸውን ነው የሚጠይቁት። እኔም አልነገርኳትም። እስቲ ለእናንተ ላውራችሁ።

እኔ በብየዳ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ። የተወለድኩት አንጋጫ አጠገብ ካለ ገጠር ነው፤ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ገበያ ላይ ጭነት ስሸከም ነው። ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያየሁ ረዳቶቹን «ይቺ ምንድን ናት?» እል ነበር። አንዳንዱ ይነግረኛል፣ አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዱማ አውቆ አሳስቶኝ «ጨ»ን «ጠ» እያልኩ ስንት ጊዜ ተሳቀብኝ። በኋላ የቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መጽሐፍ እጄ ገባ። መዝሙሮቹን በቃሌ ስለማውቃቸው፣ የማውቀውን ቃል ከማላውቀው ጽሑፍ ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። እንዲህ ስለተማርኩ ከ«ሀ» በፊት «ዱ»ን ነው ያወቅኩት፤ ዱቄት ጆንያ ላይ ነበረችና።

ፊደልን እየለመነ የተማረ ሰው ልጁ በልመና እንድትማር አይፈልግም። በቅደም ተከተል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይዘለል እንድትማር ይፈልጋል። የእኔም ፍላጎት ይኸው ነበር።

ልጄ ያኔ ኬጂ ነበረች። ኬጂው መዝሙር ያስተምራታል፣ ቀለም ያስቀባታል፣ ከሰዓት በፊት ይለቃታል። በሰፈራችን ባለው ጥሩ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ለመግባት ግን ልጁ ተፈትኖ ቃላት ማንበብ ነበረበት። ማንበብ ያልቻለ ኬጂን ይደግማል። ጓደኞቿ ሁሉ ሲያልፉ የኔዋ ከኋላዋ ከመጡት ጋር ስትዘምር ታየኝ፤ ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ከተራረፈ ላሜራ ሰሌዳ ቆረጥኩላት፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በሞረድ አለዘብኩት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ጠመኔው አልይዝ ሲለው በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁት። ከዚያ በኋላ ይዟል፤ ሲጻፍበት ግን ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበረው። ልጄ ያን ድምፅ ትወደው ነበር። ሆን ብላ ጠመኔውን አቁማ ትጎትተዋለች። እኔ ትዕግሥቴ ማለቅ የሚጀምረው ገና ከዚያ ነው።

ከሥራ እንደተመለስኩ እጄን ታጥቤ ገበታው ፊት እንቀመጣለን። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከወዲያ የመዘምራን ልምምድ፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ጣራው ስለሚጮህ መጮህ ግድ ነው። ባለቤቴ «ልጅቷን ነው የምታስተምረው ወይስ ሰፈሩን?» ትለኛለች። እሷ የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ሀዲያ፤ እኔ ከምባታ። በቤታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው። እናቴ ብቻ ከልጄ ጋር በከምባትኛ ታወራለች። አባቴ ከሞተ በኋላ ከአገር ቤት አምጥቼያት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ባለቤቴ ቢሮ፣ እኔ ሱቅ ስንውል ልጄን ከኬጂ የምትቀበላት፣ የምታበላት፣ ከሰዓቱን ሁሉ አብራት የምትውል እናቴ ነበረች።

ልጄ ፈጣን ነበረች። ይህን ስለ ልጄ ስለሆነ አይደለም የምለው፤ ሰነፍ ብትሆን ሰነፍ ነበረች እላችኋለሁ። ገበታውን ከላይ ወደ ታች እየወረደች፣ በዱላዬ ጫፍ የነካሁትን ሁሉ ታነብ ነበር። ከዚያ «ደ» ጋ ደረስን።

«ደ፣ ዱ፣ ዲ» አለች። ቆመች። ከንፈሯን ገጥማ ትንሽ ቆየችና «ዴ፣ ድ፣ ዶ» ብላ ጨረሰች።

«አንዷን ዘለልሽ» አልኳት።

ዝም አለች።

«ይቺ ማን ናት?»

ወደ ጫማዋ ታያለች።

መጀመሪያ የረሳቻት መስሎኝ ነበር። ግን «ባ»ን ታውቃለች፣ «ታ»ን ታውቃለች፣ «ጋ»ን ታውቃለች። አራተኛዋ ፊደል በሌላው ረድፍ ሁሉ ስትመጣ እንደ ውሃ ታነባታለች፤ ዳ ላይ ስትደርስ ብቻ በሩ ይዘጋል። ሰሌዳው ላይ ጻፊ ስላት አሳምራ ትጽፋታለች፣ እግሯን እንኳ አትስትም። አንብቢ ስላት አፏ አይከፈትም። የምታውቀውን ነገር አልልም የምትል ልጅ ምን ትባላለች? እኔ ግትር ናት አልኩ። ግትርነት ደግሞ በልጅነት ካልተቀጨ በኋላ አይቀጭም ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም አምናለሁ። ልጄን መትቼ አላውቅም፤ ዱላው የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። ግን ጠረጴዛው ብዙ ተመታ።

ገዝቼ ላሳያት አልኩና አንድ ቀን ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ይዤ ገባሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ፊቷ አስቀምጬ «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የስንዴ።»

«አዎ ከስንዴ ነው፤ ስሙ ማን ነው?»

«የስንዴ።»

«ስሙን ከነገርሽኝ ሙሉውን ላንቺ።»

ዳቦውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምራቋን ዋጠች። «አልራበኝም» አለች። ሆዷ ግን በረሃብ ሲጮህ እሰማለሁ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «አንተ ሰውዬ፣ በዳቦ ነው እንዴ የምትመረምራት? ስጣት እንጂ» አለች። እናቴ ጥግ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችንም። ተናድጄ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ አያትና የልጅ ልጅ ለሁለት ተካፍለው ሲበሉ አገኘኋቸው።

ከኬጂው አስተማሪም ጋር ተነጋገርን። እሷ ደግሞ በሌላ በኩል መጣችብኝ። «ቤት የሚያስጠናት ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ ስላት «ተጨናንቃብኛለች፤ ትንሽ ቀለል ያድርጉላት፣ በጨዋታ ያስጠኗት» አለች። ጨዋታ። ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው፣ ሴትዮዋ ጨዋታ ትለኛለች። የዚህ ዘመን ትምህርት ሁሉን ነገር ጨዋታ ማድረግ ይወዳል፤ ልጁ ሲያድግ ኑሮ ጨዋታ እንዳልሆነ ማን ሊነግረው እንደሆነ አላውቅም። ተቆጥቼ ተመለስኩ፣ በዚያ ምሽትም ልጄን «ደ»ን ደጋግሜ አስባልኳት። በያንዳንዱ ዙር ያቺው ዝምታ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ያለ መብራት ብየዳ የለም። ሱቁን ዘግቼ ቀደም ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ ያ የላሜራ ድምፅ ተሰማኝ፤ ጠመኔ እየተጎተተበት። ልጄና እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው በእናቴ ጉልበት ላይ ነው። ልጄ የእኔን ዱላ ይዛለች፤ እኔን አስመስላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«እማማ፣ አትቅለስለሺ፣ ወደ ሰሌዳው ተመልከቺ» ትላለች።

እናቴ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ «እሺ የኔታ» ትላለች።

ልጄ ዱላዋን ታሳርፋለች። «ደ» ትላለች። እናቴ «ደ»። «ዱ»። «ዱ»። «ዲ»። «ዲ»። ከዚያ ሁለቱም እኩል ቆሙ። ሁለቱም እኩል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱም እኩል ወደ መሬት አዩ፤ የእናቴ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «ዴ፣ ድ፣ ዶ» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት።

በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። የገረመኝ ነገር፣ ሳላውቀው ቀርቼ አለመሆኑ ነው። አውቀዋለሁ። ግን እንደ ራሴ ትንፋሽ ነበር የማውቀው፤ ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ በከምባታ፣ በሀዲያም እንዲሁ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። በሌላ ቃል ትተካዋለች። ባሊሻ ይባላል። የባሏን አባት የምታከብርበት መንገድ ነው። ከተማ ያደጉት ትተውታል፤ ባለቤቴ የአባቴን ስም እንደ ጎረቤት ስም ነው የምትጠራው፣ እናቴም ቅር ብሏት አያውቅም። ራሷ ግን አልተወችውም። የአባቴ አባት፣ የእሷ አማት፣ ስሙ በ«ዳ» ይጀምራል። እኔ የተወለድኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እናቴ ዳቦን የስንዴ፣ ዳገትን ሽቅብ ስትል ነው ያደግኩት፤ በከምባትኛም በአማርኛም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ መዝሙሩ ያ ድምፅ ጋ ሲደርስ በአፍንጫዋ አንጎራጉራ ታልፈዋለች። ይህ ሁሉ ለእኔ የእናቴ አነጋገር ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ኬጂ የምትማር የሆሳዕና ልጅ፣ ባል የሌላት፣ አማት የሌላት፣ በአማርኛ ገበታ ፊት ቆማ ባሊሻ ትጠብቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ወደ በረንዳው ወጣሁ። «እማዬ፣ ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ አስተምራለሁ? እሷ ናት የምታስተምረኝ» አለች።

«ዳ አትበዪ ብለሻታል?»

ድምፁን ከአፌ ስትሰማ እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ አልለውም አልኩ እንጂ አንቺ አትበዪ አላልኳትም። ለመሆኑ ይቺን ማን አግብቷት ነው አማት የሚኖራት?» አለችና ልጄን ጎኗን ነካ አደረገቻት። ልጄ ግን አልሳቀችም።

«ሰማሽ?» አልኳት። «አንቺ መናገር ትችያለሽ። በይ።»

«እማማ የማትለውን እኔ አልልም።»

«ለምን?»

«ነውር ነው።»

«ማን ነው ነውር ነው ያለሽ?»

«ማንም። ትልቅ ሰው የማይለው ነገር ነውር ነው።»

በዚያ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ «ትልቅ ሰው አክብሪ፣ ትልቅ ሰው የማያደርገውን አታድርጊ» እያለ የሚሰብካት ማን እንደነበር ታውቃላችሁ። የራሴን ትምህርት መልሳ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። እናቷም መጥታ ለመነቻት፣ እኔም ተቆጣሁ፣ በኋላም አባበልኩ። «እማማ ካለች እላለሁ» የሚለው መልሷ አልተለወጠም።

ስለዚህ ወደ እናቴ ዞርኩ። ልጄ ከተኛች በኋላ አይደለም፣ እዚያው እያለች ነው፤ እንድትሰማ ፈልጌ ነበር። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በይላት። ሰውየው እኮ ሞቷል። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን እንዲህ ያለውን ልማድ አያዝሽም» አልኳት።

«ቤተ ክርስቲያን ስድብ አትሳደቢ ትለኛለች፤ አልሳደብም» አለች። «ዝም ስላልኩ የተቆጣች ቤተ ክርስቲያን አላየሁም።»

«የልጅቷ ፈተና ነው እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ በዚህ አትምጣብኝ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያ ሰው ፎቶ የለውም። መቃብሩም ታርሷል ብለው ነግረውኛል። በአፌ ነው ያኖርኩት።»

ከዚያ በላይ አልገፋኋትም። ግን አልተስማማሁም። ሙታንን ለማክበር ሕያዋን ኬጂ መድገም የለባቸውም ብዬ አስብ ነበር፤ እንዲህ ብዬም ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ «እንግዲህ ሁለቱን ልጆች አንተው አስታርቃቸው» አለችኝ፤ እናቴንም ልጅ አድርጋ መቁጠሯ ነው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ የሆሳዕና ጭጋግ፣ መንገዱን ከፊት ለፊት የሚያጠፋው። ልጄን አዲስ ሹራብ አልብሰን ልንወጣ ስንል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ይህ ደግሞ ሌላ ብስጭት ሆነብኝ። አያቷን እያየች ነው እኮ የምትዘጋው፤ አያቷ ባትኖር ምናልባት ይቀናት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «እማዬ፣ ብርድ ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት። የልጄን እጅ ይዛ ቀደመችኝ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ወላጅ ቆሟል። ሁሉም በልጁ ጆሮ የሆነ ነገር ያንሾካሹካል። ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እንዳያለቅሱ በሩ ክፍት ይተዋል፣ ወላጅ ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔና እናቴ ተቀመጥን። ከውስጥ እርጥብ ሲሚንቶና አዲስ ወረቀት ይሸታል። ፈታኟ ወጣት አስተማሪ ናት፤ ፊቷ ሞቅ ያለ። ልጄን «ነይ የኔ ቆንጆ» ብላ አስቀመጠቻትና ሥዕልና ቃል ያለበት ወረቀት ፊቷ ዘረጋች።

«ቤት» አለች ልጄ። «ልብስ።» «ውሻ።» ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ቆመች።

«ቀጥይ» አለች አስተማሪዋ።

ዝም።

«ሥዕሉ ምንድን ነው?»

«የስንዴ።»

«ጎበዝ፣ ከስንዴ ነው የሚሠራው። አሁን ደግሞ ጽሑፉን አንብቢልኝ።»

ልጄ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች። አስተማሪዋ ብዕሯን አነሳች። ያቺን ብዕር አሁንም አያታለሁ፤ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ምን እንደምትጽፍ የምታውቅ ትመስል ነበር። ልጄ ዞር አለች። እኔን አላየችኝም። አጠገቤ ያለችውን አየች።

አስተማሪዋ ገብቷት «እማማ፣ እባክዎን እንዳይነግሯት» አለች።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። በሕይወቴ ከእሷ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ ሰማሁ።

«ዳ» አለች።

ጮክ አላለችም። ጠጠር ከአፍ እንደሚያወጡ ዓይነት ነበር ያወጣችው። ወንበሩ ላይ የነበሩት ወላጆች ምንም አልገባቸውም፤ አንዷ እንዲያውም «እንዲህማ ከሆነ እኛም እንነግራቸዋለን» ብላ አጉረመረመች። አስተማሪዋ ቅር ብሏት «እማማ፣ ነገሯት እኮ» አለች።

«አልነገርኳትም» አለች እናቴ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ታውቀዋለች። እኔ ነኝ ያልኩት።»

አስተማሪዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «የአማትዎ ነው?» አለቻት፤ በከምባትኛ ነበር የጠየቀቻት። እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ነጠላው ወደ አፏ ተመልሷል። ወጣቷ ወረቀቱን አነሳችና ሌላ ወረቀት፣ ሥዕል የሌለበት፣ ልጄ ፊት ዘረጋች። ልጄ አነበበች። ዳገት አለች። ዳኛ አለች። ዳር አለች። ሁሉንም፣ ሳትቆም፣ ጣቷን ከስር እያስኬደች።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። ጭጋጉ ተገፍፏል፣ መንገዱ ላይ ባጃጆች ጭቃ ይረጫሉ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሳ ከፊታችን ትራመዳለች። ልጄ ሮጣ ደረሰችባትና እጇን ያዘች።

«እማማ፣ ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም።»

«እሱ ይቆጣል?»

እናቴ ትንሽ ከሄደች በኋላ ቆመች። ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ለዚያች ሕፃን ነገረቻት። ሙሽራ ሆና በመጣች በመጀመሪያው ክረምት ታማ ወድቃ ነበር፤ ባሏ ለሥራ አዋሽ እርሻ ሄዷል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ሰው አልነበረም። አማት ምራቱን አይነካም፣ ፊት ለፊትም አያያትም፤ የዚያን ጊዜ ሥርዓት ነው። የአባቴ አባት ግን እንደ ሕፃን አዝሏት ወንዙን ተሻገረ፣ እስከ ክሊኒክ ድረስ። ሰው ሁሉ እያየ።

«እሱ ያን ቀን ቆም ብሎ አላሰበም» አለች። «እኔ ግን ለአንዲት ፊደል ስንት ቀን አሰብኩ።»

ልጄ የገባት አይመስለኝም። ግን የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እስከ ቤት አለቀቀችውም። እኔ ከኋላቸው ሄድኩ።

ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች። ከዚያ ወዲህ ያቺን ፊደል እንደማንኛዋም ፊደል ታነባት ጀመር፤ ከሰዓቱንም ሰፈር ካሉ የክፍል ጓደኞቿ ጋር መዋል አመጣች። እናቴ ዓመታት ኖረች፤ ያን ድምፅ ደግማ አላወጣችውም፣ እኔ እስከማውቀው አንድም ጊዜ። አምና አረፈች። ልጄ ስለዚያ ጠዋት የምታስታውሰው አዲሱን ሹራብ ብቻ ነው። ባሊሻ ምን እንደሆነ ብጠይቃት ከመጽሐፍ ያነበበችውን ትነግረኛለች፤ በትክክል ትነግረኛለች።

እኔ ደግሞ አንዳንዴ፣ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ የአባቴን አባት ስም ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። መልኩን አላውቅም፣ ድምፁን አላውቅም። ስሙ ከአፌ በቀላሉ ይወጣል። ምንም አይከብደኝም። የሚከብዳት አሁን የለችም።